የምኑ ግማሽ?
ክፍልፋዮችን ስለ ማባዛትና ስለ ማካፈል



በሒሳብ ትምህርት ውስጥ ብዙ ተማሪ የሚሰናከልበት ቦታ የትኛው ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ አብዛኛው ሰው «ክፍልፋይ» ብሎ እንደሚመልስ አንጠራጠርም። ቁጥር ሲባዛ እንደሚበዛ፣ ሲካፈልም እንደሚያንስ ከታች ክፍል ጀምሮ የለመደ ልጅ፣ ግማሽ በግማሽ ሲባዛ ሩብ እንደሚሆንና ግማሽ ለሩብ ሲካፈል ግን ሁለት እንደሚሆን ሲሰማ ግራ ይገባዋል። «ማባዛት እንዴት ያሳንሳል? ማካፈልስ እንዴት ያበዛል?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዳሩ ግን መልሱን ሳያገኝ፣ «ላዩን በላዩ፣ ታቹን በታቹ፤ ለማካፈል ገልብጠህ አባዛ» የሚለውን ሕግ ብቻ በቃሉ ይዞ ለፈተና ይቀርባል። ፈተናው ሲያልፍ ሕጉም አብሮ ያልፋል።

እኛ ግን ክፍልፋይ ከፈተና በኋላም የማይለየን ነገር መሆኑን ለማሳየት ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል። በወላይታ ሶዶ ገበያ ቡና የሚገዛ፣ በእርሻው ላይ ማዳበሪያ የሚበትን፣ ከወንድሙና ከእኅቱ ጋር የአባቱን መሬት የሚከፋፈል ሰው ሁሉ፣ ይወቀው አይወቀው ክፍልፋይ ያባዛል፤ ክፍልፋይ ያካፍላል። የማያውቅ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሰው ያሰላለታል። ሌላ ያሰላለት ሰው የደረሰውን ተቀብሎ ከመሄድ በቀር ምርጫ የለውም።

ክፍልፋይ ምንድን ነው?

ክፍልፋይ ማለት አንድ ሙሉ ነገር በእኩል ሲከፈል ከዚያ ውስጥ የተወሰደው ድርሻ ነው። ከታች የሚጻፈው ቁጥር ታሕት ይባላል፤ ሙሉው በስንት እኩል ቦታ እንደ ተከፈለ ይነግረናል። ከላይ የሚጻፈው ላዕል ይባላል፤ ከእነዚያ ውስጥ ስንቱ እንደ ተወሰደ ይነግረናል። በዚህ ገጽ ላይ ለመጻፍ እንዲያመች ላዕሉን በግራ፣ ታሕቱን በቀኝ አድርገን በሰያፍ መስመር ለይተናቸዋል። ስለዚህ 3/4 ስንጽፍ ከአራት እኩል ክፍል ሦስቱ ማለታችን ነው።

አማርኛችን ለዋና ዋናዎቹ ክፍልፋዮች ከጥንት ጀምሮ ስም አለው። 1/2 ግማሽ ወይም እኩሌታ፣ 1/3 ሲሶ፣ 1/4 ሩብ ወይም እርቦ፣ 1/10 አሥራት ይባላል። እነዚህ ስሞች ከቀለም ትምህርት የመጡ አይደሉም፤ ከአዝመራ፣ ከግብርና ከውርስ የመጡ ናቸው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ መልመድ ይኖርብናል፤ ይኸውም «የምኑ?» የሚለው ነው። አንድ ሰው «ግማሹን ሰጠሁህ» ቢለን ወዲያው «የምኑን ግማሽ?» ማለት ይገባናል። የአንድ ሄክታር ግማሽና የአንድ ጥማድ ግማሽ ሁለቱም 1/2 ይባላሉ፤ ስፋታቸው ግን እጅግ የተለያየ ነው። ከዚህ በታች የምናየው ሁሉ በዚህች አንዲት ጥያቄ ላይ የተመሠረተ ነው።

ክፍልፋይን ማባዛት

በክፍልፋይ ማባዛት ማለት የድርሻን ድርሻ መፈለግ ነው። 1/2 × 1/2 ማለት የግማሽ ግማሽ ማለት ነው። አንድ ዳቦ ለሁለት ቆርሰን ግማሹን እንደገና ለሁለት ብንቆርሰው ሩብ ዳቦ በእጃችን ይቀራል። ስለዚህ 1/2 × 1/2 = 1/4 ነው። ማባዛቱ ያሳነሰው፣ ሙሉውን ሳይሆን ከሙሉው ያነሰ ድርሻ ብቻ ስለ ወሰድን ነው። ቀድሞ የለመድነው 3 × 12 የአሥራ ሁለትን ሦስት እጥፍ ሲሆን፣ 1/3 × 12 ደግሞ የአሥራ ሁለትን ሲሶ ማለት ነው። ስለዚህ በአንድ ማባዛት ቁጥሩን እንዳለ ይተወዋል፤ ከአንድ በሚበልጥ ማባዛት ያሳድገዋል፤ ከአንድ በሚያንስ ማባዛት ያሳንሰዋል።

አሁን ላዕሉ በላዕል፣ ታሕቱ በታሕት ለምን እንደሚባዛ እንይ። አንድ አራት ማዕዘን ጓሮ በወረቀት ላይ እንሣል። ከጓሮው 4/5 በእንሰት ተሸፍኗል እንበል። ከእንሰቱም ውስጥ 2/3 ለመፋቅ ደርሷል። ለመፋቅ የደረሰው እንሰት የጓሮው ስንት እጅ ነው?

ጓሮውን ከላይ ወደ ታች በሚወርዱ መስመሮች በአምስት እኩል ቦታ እንከፍለውና አራቱን እናጥቁር፤ ይህ እንሰቱ ነው። ቀጥሎ በአግድም መስመሮች በሦስት እኩል ቦታ እንክፈለውና ከጠቆረው ውስጥ ሁለቱን ረድፍ እንምረጥ። ጓሮው በሙሉ 5 × 3 = 15 ትንንሽ ክፍል ሆኗል። የተመረጡትም 4 × 2 = 8 ናቸው። ስለዚህ 2/3 × 4/5 = 8/15 ነው። የታሕቶቹ ብዜት ሙሉው በስንት እንደ ተከፈለ፣ የላዕሎቹ ብዜት ደግሞ ስንቱ እንደ ተወሰደ ቆጠረልን። ሕጉ ከዚህ ሥዕል የተገኘ ስለ ሆነ፣ ሕጉን የረሳ ሰው ሥዕሉን ሥሎ መልሶ ሊያገኘው ይችላል።

አንድ የእርሻ ምሳሌ እንጨምር። አንድ ቤተሰብ 3/4 ሄክታር መሬት አለው፤ ግማሹን በቆሎ ይዘራበታል። የበቆሎው መሬት 1/2 × 3/4 = 3/8 ሄክታር ነው። በአገራችን ለረጅም ዘመን የግብርና ሠራተኞች ለአንድ ሄክታር 100 ኪሎ ግራም ዳፕ ይመክሩ ነበር። በዚያ ልክ ቢሄድ ለዚህ ማሳ የሚያስፈልገው 3/8 × 100 ነው። ከማባዛታችን በፊት 100ንና 8ን ለ4 ብናቃልላቸው 25ና 2 ይሆናሉ፤ 3 × 25 = 75፣ 75 ለ2 ሲካፈል 37 1/2 ኪሎ ግራም ይወጣል። ይህን ያላሰላ ገበሬ 50 ኪሎ ግራም የሚይዘውን ከረጢት እንዳለ ቢበትነው 12 1/2 ኪሎ ግራም ያለ ምክር ጨመረ ማለት ነው። የዚያ ዋጋ የሚወጣው ደግሞ ከራሱ ኪስ ነው።

ሙሉ ቁጥርና ክፍልፋይ አብረው የተጻፉበትን ድብልቅ ቁጥር ስናባዛ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንድ ቤተሰብ በቀን 2 1/2 ኪሎ ዱቄት ቢፈልግ ለአንድ ቀን ተኩል ስንት ይበቃዋል? አንዳንድ ተማሪ 1ን በ2፣ 1/2ን በ1/2 አባዝቶ 2 1/4 ይላል። ነገር ግን ለአንዱ ቀን ብቻ 2 1/2 ኪሎ ካስፈለገ፣ ለቀን ተኩል እንዴት ከዚያ ያነሰ ይበቃል? ትክክለኛው መንገድ ሁለቱንም አስቀድሞ ወደ ክፍልፋይ መለወጥ ነው። 3/2 × 5/2 = 15/4 ማለትም 3 3/4 ኪሎ ይሆናል።

ሲሶና አሥራት

«የምኑ?» የሚለው ጥያቄ በአባቶቻችን ዘመን ምን ያህል ክብደት እንደ ነበረው ከታሪክ እንማር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን እስከ ታወጀበት ቀን ድረስ፣ በደቡብ አገራችን ብዙው ገበሬ ጭሰኛ ነበር። ከምርቱ እንደ ውሉ እርቦውን፣ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለ መሬቱ ይሰጥ ነበር። አሥራት የሚባለው ግብር በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር እስኪተካ ድረስ ደግሞ፣ የአሥራቱን ሸክም ብዙ ጊዜ የሚሸከመው ጭሰኛው ራሱ ነበር።

እንግዲህ 30 ኩንታል ያመረተ አንድ የሲሶ አራሽ እናስብ። አሥራቱ በቅድሚያ ተነሥቶ ሲሶው ከቀረው ላይ ቢታሰብ፣ ለእርሱ የሚደርሰው 2/3 × 9/10 = 18/30 ነው፤ ይኸውም 18 ኩንታል ይሆናል። ሲሶው ከጠቅላላው ምርት ላይ ቢታሰብና አሥራቱም ከጠቅላላው ላይ ቢነሣ ግን፣ 10 ኩንታል ለሲሶ፣ 3 ኩንታል ለአሥራት ይወጣና 17 ኩንታል ይቀረዋል። በሁለቱም ስሌት «ሲሶ» የሚለው ቃል አንድ ነው፤ «አሥራት»ም አንድ ነው። ልዩነቱ «የምኑ ሲሶ?» በሚለው ላይ ነው። በዚህች ጥያቄ ምክንያት አንድ ኩንታል እህል ከአንዱ ጎተራ ወደ ሌላው ይሄዳል። አንድ ኩንታል እህል ደግሞ ለድሀ ቤተሰብ ቀላል ነገር አይደለም።

ጭሰኝነት ቢቀርም እርሻን በእኩል መሥራት፣ ላምን በድርሻ ማርባት ዛሬም በአካባቢያችን አለ። ስለዚህ ውል ስንዋዋል «ግማሽ» ብለን ከመለያየታችን በፊት፣ ዘሩና ማዳበሪያው ከተነሣ በኋላ ነው ወይስ ከመነሣቱ በፊት ብለን እንጠይቅ። በኋላ ከመጣላት አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ክፍልፋይን ማካፈል

ማካፈል ሁለት ዓይነት ጥያቄ ይመልሳል። የመጀመሪያው «ለእያንዳንዱ ስንት ይደርሰዋል?» የሚል ነው። የአንዲት ላም ግማሽ ድርሻ ያለው አባት ድርሻውን ለሦስት ልጆቹ በእኩል ቢያወርስ፣ ለእያንዳንዱ 1/2 ÷ 3 ይደርሰዋል። ለሦስት መካፈል ሲሶ መውሰድ ስለ ሆነ፣ ይህ 1/2 × 1/3 = 1/6 ነው። እንግዲህ ለ3 ማካፈልና በ1/3 ማባዛት አንድ ነገር መሆኑን ልብ በሉ።

ሁለተኛው ጥያቄ «በዚህ ውስጥ ያኛው ስንት ጊዜ ይገኛል?» የሚል ነው። አንዲት ነጋዴ 3/4 ኪሎ ቡና አላት፤ 1/8 ኪሎ በሚይዙ ትንንሽ ከረጢቶች ልትሸጠው ትፈልጋለች። ስንት ከረጢት ይሞላል? ሩብ ኪሎ ሁለት ስምንተኛ ስለ ሆነ፣ 3/4 ኪሎ 6/8 ኪሎ ነው። ስለዚህ 3/4 ÷ 1/8 = 6 ከረጢት ይሆናል። መልሱ ከ3/4 የበለጠው ቡናው ስለ በዛ አይደለም። 3/4 ስንል የቆጠርነው ኪሎ ነበር፤ 6 ስንል የቆጠርነው ከረጢት ነው። «የምኑ?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ በዚህ ቦታ ግራ አይገባውም።

ያው 3/4 ኪሎ ቡና በግማሽ ኪሎ ከረጢት ቢደረግስ? አንዱ ከረጢት ይሞላና 1/4 ኪሎ ይተርፋል። አንዳንዱ ተማሪ መልሱን 1 1/4 ይላል። ትክክለኛው መልስ ግን 1 1/2 ነው፤ የተረፈው ቡና የኪሎ ሩብ ቢሆንም የከረጢቱ ግማሽ ነውና። እኛ የተጠየቅነው የከረጢቱን ብዛት ነው።

ለምን ይገለበጣል?

አሁን «ገልብጠህ አባዛ» ወደሚለው ሕግ እንምጣ። 2/3 ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ ወተት እንቅዳ። በአንድ ሊትር ውስጥ ሦስት የሲሶ ሊትር አለ፤ አንዱ ጠርሙስ ግን ሁለት ሲሶ ይወስዳል። ስለዚህ አንድ ሊትር 3/2 ጠርሙስ፣ ማለትም አንድ ጠርሙስ ተኩል ይሞላል። ለእያንዳንዱ ሊትር 3/2 ጠርሙስ ከሆነ፣ ለአራት ሊትር 4 × 3/2 = 6 ጠርሙስ ነው። ስለዚህ 4 ÷ 2/3 = 4 × 3/2 ነው ማለት ነው። ግልባጩ 3/2 በአንድ ሙሉ ውስጥ ስንት አካፋይ እንዳለ የሚነግረን ቁጥር ነው። የሚገለበጠውም አካፋዩ ብቻ እንጂ ተካፋዩ አይደለም።

መልሳችን ትክክል መሆኑን ለማወቅ መልሰን እናባዛው። 6 × 2/3 = 12/3 = 4 ሊትር፤ ስለዚህ ልክ ነው።

ይህ ሕግ እጅግ የቆየ ነው። ብራህማጉፕታ የተባለው የሕንድ ሊቅ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ628 ዓ.ም. በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ፣ የአካፋዩን ላዕልና ታሕት አለዋውጦ ማባዛትን አስተምሯል። በእኛም አገር የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዕለትን በ60 ኬክሮስ ከፍለው ሲያሰሉ ኖረዋል። ዓመቱ ከ365 ዕለት በላይ 15 ኬክሮስ ይተርፈዋል። 15/60 ሲቃለል 1/4 ዕለት ነው። 1 ÷ 1/4 = 4 ስለ ሆነ፣ ሩብ ዕለቷ አንድ ሙሉ ዕለት ለመሆን አራት ዓመት ያስፈልጋታል። በየአራት ዓመቱ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ በ2015 ዓ.ም. እንዲህ ሆናለች።

በገበያም ይህ ስሌት ይጠቅማል። አንዱ ነጋዴ 3/4 ኪሎ ቡና በ300 ብር፣ ሌላው 2/3 ኪሎ በ280 ብር ቢሸጡ የማን ይረክሳል? 280 ከ300 ስለሚያንስ ሁለተኛው የረከሰ ይመስላል። የአንዱን ኪሎ ዋጋ ግን እንፈልግ። 300 ÷ 3/4 = 300 × 4/3 = 400 ብር፤ 280 ÷ 2/3 = 280 × 3/2 = 420 ብር። ስለዚህ የረከሰው የመጀመሪያው ነው።

መሬታችንና ክፍልፋይ

በመጨረሻ እኛን ወጣቶችን በቀጥታ ወደሚነካው እንመለስ። ወላይታ በአገራችን ሕዝብ ጥቅጥቅ ብሎ ከሰፈረባቸው አካባቢዎች አንዷ ናት። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ጀምሮ ብንመለከት ከአንድ ሄክታር በታች መሬት ይዞ የሚኖር ቤተሰብ ብዙ ነው።

አንድ ሄክታር የነበረው አያት ለሦስት ልጆቹ በእኩል አካፈለ፤ ከእነርሱም አንዱ የደረሰውን ለሁለት ልጆቹ አካፈለ እንበል። ለልጅ ልጁ የሚደርሰው 1/2 × 1/3 = 1/6 ሄክታር ነው። ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ስለ ሆነ፣ ይህ ከ1,667 ካሬ ሜትር ጥቂት ያነሰ ነው። የልጅ ልጁም ያችኑ ለሁለት ቢከፍላት 1/12 ትሆናለች። በሌላ በኩል 1 ÷ 1/12 ስናሰላ 12 እናገኛለን። በአያቱ ዘመን አንድ ይዞታ የነበረው አሥራ ሁለት ይዞታ ሆነ ማለት ነው። የይዞታው ቁጥር በዛ፤ መሬቱ ግን አንዲት ስንዝር አልጨመረም። በማካፈል የሚገኝ ትልቅ ቁጥር ሀብት አለመሆኑን ይህ በግልጽ ያሳያል።

ይህን የምንጽፈው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። ቀድሞ ያሰላ ሰው ቀድሞ ያስባልና ነው። 1/12 ሄክታር እንደሚደርሰው ዛሬ ያወቀ ወጣት፣ መሬቷ ቤተሰብ እስክትመግበው ድረስ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ እጅ ሥራ ይማራል፣ ትምህርቱን ይገፋል፣ ወይም በዚያችው መሬት ላይ ምን ቢተክል የበለጠ እንደሚያገኝ ይመረምራል። ወንድምና እኅትም መሬቱን ከመቆራረጥ ይልቅ አንዱ እያረሰ ምርቱን በድርሻ መካፈል ይሻል እንደ ሆነ ተነጋግረው ሊወስኑ ይችላሉ። ለዚህ ሁሉ መነሻው በትክክል ማስላት ነው።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ታናናሾቻችሁን ስታስጠኑ ሕጉን ከማስሸምደዳችሁ በፊት ወረቀት አጥፋችሁ አሳዩአቸው፤ ዳቦ ቆርሳችሁ አስቆጥሯቸው። መልስ በሰጡ ቁጥርም «የምኑ?» ብላችሁ ጠይቋቸው።

መልመጃ

1ኛ/ ለጊፋታ በዓል የታረደ በሬ በ8 እኩል መደብ ተከፈለ። አንድ ቤተሰብ ከደረሰው መደብ ሲሶውን ለዘመድ ቢሰጥ፣ ዘመዱ የበሬውን ስንት እጅ አገኘ? ለቤተሰቡስ ስንት እጅ ቀረው?

2ኛ/ 2 1/2 ኪሎ ቅቤ በሩብ ኪሎ፣ በሩብ ኪሎ ቢሸጥ ለስንት ገዢ ይደርሳል?

3ኛ/ ጥማድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው፤ ልኩ ከቦታ ቦታ ቢለያይም ብዙ ጊዜ እንደ ሩብ ሄክታር ይቆጠራል። በዚህ ልክ 3/8 ሄክታር ስንት ጥማድ ነው?

4ኛ/ ሁለት ሰዎች በእኩል አርሰው 12 ኩንታል አገኙ። ለዘር የምርቱ 1/6 ይነሣል። ዘሩ ከሁለቱም ላይ በቅድሚያ ቢነሣ ለአራሹ ስንት ኩንታል ይደርሰዋል? መጀመሪያ እኩል ተካፍለው ዘሩን አራሹ ብቻውን ከድርሻው ቢያወጣስ?

መልስ

1ኛ/ ዘመዱ 1/24፣ ቤተሰቡ 1/12። 2ኛ/ ለ10 ገዢ። 3ኛ/ አንድ ጥማድ ተኩል። 4ኛ/ በቅድሚያ ቢነሣ 5 ኩንታል፣ አራሹ ብቻውን ቢያወጣ 4 ኩንታል።